ወንድሜና የጭስ ማውጫው ቁመት

ወንድሜ ቀያሽ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ታንጀንት» ይሉታል፤ እኔ ግን ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። ስለ እሱ የሚነገር ትልቅ ነገር የለም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት፣ የሰው አጥር፣ የሰው ፎቅ ሲለካ ኖረ፤ ለራሱ ቤት ሳይሠራ ጡረታ ወጣ። የሚያውቁት ሰዎች ስሙ ሲነሳ «ታማኝ ነበር» ብለው ያልፋሉ። እኔ ታማኝነቱ ምን እንዳስከፈለው ስለማውቅ፣ እንዲህ በአንድ ቃል ሲያልፉት ያናድደኛል።

ጋሼ ሰው ሲተዋወቅ ስም ከመስማቱ በፊት ቁመት ይገምታል። ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ጠባዩ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዴ አንዲት ደህና ሴት አስተዋወቅኩት። በጨዋታ መሃል ቁመቷ አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት እንደሆነ ብትናገር፣ «አንድ ሃምሳ ስምንት ብትሆኚ ነው፤ የቀረው የጫማሽ ነው» አላት። ሴትየዋ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ተነሳች። በኋላ ደግሞ «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ምን ይባላል እንዲህ ያለ ሰው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው የምሰፋው። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን ሁለታችንም የሜትር አዳሪ መሆናችን የሚያስቃቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን የኔና የሱ ሜትር ለየቅል ነው። እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ሁልጊዜ ለእጥፋት እተዋለሁ። ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ እናትም «ትንሽ ሰፋ አድርጊው» ትላለች። ጋሼ ዘንድ እጥፋት የሚባል ነገር የለም። ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል ያየውን ነው የሚናገረው።

ይህ ጠባዩ ብዙ ሰው አስቀይሞታል። ፎቅ የሚሠራው ሰው ቁመቱ ትንሽ ዝቅ ተደርጎ እንዲነገርለት ይፈልጋል። ጎረቤቱ ደግሞ ፀሐይ ተከለለብኝ ብሎ ከፍ እንዲደረግበት ይፈልጋል። ሁለቱም ጋሼን ለየብቻ ይጠሩታል፣ ለየብቻ ይለማመጡታል፣ መጨረሻ ላይ ለየብቻ ይረግሙታል። «ግንቡን ለምኑት፤ እኔ አልሠራሁትም» ይላቸዋል። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እናታችን ቤት ጎራ ብሎ ወንበር ላይ ዘፍ ይልና «ደከመኝ» ይላል። ሌላ ወሬ የለውም። ድሮ ያ ቃል የእግሩ ድካም ይመስለኝ ነበር። እያደር ግን ገባኝ፤ ያደከመው ፀሐዩና መንገዱ ሳይሆን ልመናው ነው።

እናታችን ዓይኗን ካጣች ቆይታለች። ነገር ግን እቤቷ ውስጥ ያያት ሰው ዓይነ ስውር ናት ብሎ አይምልም። ሁለት ክፍል ናት ቤቷ። ከአልጋዋ ተነስታ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ነካ አድርጋ በሩ ጋ ትደርሳለች፤ ከበሩ ቧንቧው፣ ከቧንቧው በቆርቆሮ የተከለችው ቃሪያ። ሻይ ራሷ ታፈላለች፣ ልብሷን ራሷ ታጥባለች፣ አልፎ ሂያጁን በኮቴው ለይታ በስሙ ትጠራለች። እኔ ምሽት ላይ ጎራ ስል በጨለማ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። መብራት ሳበራ «ለማን ብለሽ ነው?» ትለኛለች፤ እንስቃለን። ያ ቤት ለሷ ዓይኗ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከቤቷ ጀርባ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ማዶ ደግሞ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ። ፋብሪካው ፈርሶ ማሽኑም ቆርቆሮውም ተወስዶ የቀረው ረጅም የጡብ ጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ወገቡ ላይ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በዓይን የሚታይ ሲሆን መፍረስ አለበት ተባለ። በአንድ ወገኑ ትምህርት ቤት፣ በሌላው የኤሌክትሪክ መስመር፣ በሦስተኛው ዋናው መንገድ ነው ያለው። በአራተኛው ወገን ሜዳውና እናታችን። ስለዚህ ወደ ሜዳው እንዲወድቅ ተወሰነ።

ደንቡ ቀላል ነው። በጭስ ማውጫው ቁመት ላይ፣ ሲወድቅ ለሚፈናጠረው ጡብ አምስት ሜትር ይጨመራል። በዚያ ርቀት ውስጥ ያለ ቤት አስቀድሞ ይፈርሳል፤ ከዚያ ውጭ ያለው አይነካም። ከጭስ ማውጫው ሥር እስከ እናታችን ግድግዳ ሠላሳ አምስት ሜትር ከሰባ ነው። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ጭስ ማውጫው ከሠላሳ ሜትር ከሰባ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?

ጋሼ አልለካም ብሎ ነበር። አለቃው ከሱ ጋር በአንድ ቀን ሥራ የገባ፣ አብሮት ያረጀ ሰው ነው። «የእናቴ ቤት ነው፤ ሌላ ሰው ላክ» አለው።

«ሌላዋ ቀያሽ ሆዷ ገፍቷል፤ ዛሬ ነገ ልትወልድ ነው። ደግሞስ አንተ ለእናትህ ታዳላለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ አለቃው። «አንተን የማያምን ማን አለ?»

የልኬቱ ቀን እኔም ሻይ በፔርሙስ ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ያን ሰሞን ወገቡ ክፉኛ ይዞት ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ በመሣሪያው መነጽር ላይ ሲያጎነብስ የኖረ ወገብ ነው፤ ሐኪሙ ቆሞ ማጎንበስ ከልክሎታል። እሱም ታጣፊ በርጩማ ገዝቶ፣ የመሣሪያውን ሦስት እግሮች አሳጥሮ፣ ተቀምጦ መለካት ጀምሮ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቁመት ሲለካ ያ ቀን የመጀመሪያው ነው።

ሜትር የሚይዝለትም ሰው አዲስ ነው። ድሮ «ራዲዮ» የሚሉት ሰው ነበር የሚይዝለት። ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አፉ የማያርፍ፣ ያየውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ነበር፤ የመሣሪያውን ቁመት ከመሬት ለክቶ ካልጮኸ ወደ ሌላ ሥራ አይሄድም። እሱ ጡረታ ሲወጣ የመጣው ልጅ እግር ደግሞ ካልጠየቁት የማይናገር ጭምት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ሰው ቢፈጥር ምን ነበረበት?

«እንዴት ነው ሳትወጣበት ቁመቱን የምታውቀው?» አልኩት ሻዩን እየቀዳሁለት። ስንት ጊዜ ጠይቄው በቁጥር እያስረዳ አደንዝዞኛል። ያን ቀን ግን ደክሞት ነው መሰለኝ በኔ ቋንቋ ነገረኝ።

«ካሬ ጨርቅ ከጥግ ወደ ጥግ ስታጥፊው ምን ይሆናል?»

«ሦስት ማዕዘን።»

«ሁለቱ አጫጭር ጎኖች እኩል አይደሉም?»

«ናቸው እንጂ፤ ካሬ ነዋ።»

«በቃ። አንዱ ጎን ቆሞ ጭስ ማውጫው ነው። አንዱ ተኝቶ መሬቱ ነው። እጥፉ ደግሞ የኔ እይታ ነው። መነጽሩ ጫፉን በአርባ አምስት ዲግሪ እስኪያይልኝ ድረስ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ጨርቁ ልክ ታጠፈ ማለት ነው፤ መሬቱን ለክቼ ቁመቱን አወቅኩ።» ሻዩን ፉት አለ። «ግን ጨርቁ የሚጀምረው ከመሬት አይደለም፤ ከመነጽሩ ነው። ከመነጽሩ በታች ያለውን መጨረሻ ላይ እጨምራለሁ።»

ወደ ኋላ እየሄደ፣ እየተቀመጠ፣ እየተነሳ፣ እያቃሰተ መጨረሻ ላይ አርባ አምስቱን አገኘው። ከእናታችን ግድግዳ ብዙም አልራቀም። ጭምቱ ሜትሩን ዘርግቶ ሃያ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ አለ። ጋሼ የመሣሪያውን ቁመት፣ አንድ ሜትር ከስልሳ፣ ጨመረበት። ሠላሳ አንድ ሜትር ሆነ። ያለ አንዳች ማመንታት ነው የጨመረው፤ እጁ ሙሉ ዕድሜውን የለመደው ቁጥር ነዋ። ቆሞ ሲለካ የነበረበት ቁጥር ነው። ተቀምጦ መለካቱን እጁ አላወቀም። እኔም ጭምቱም እሱም ያን ቀን ይህን ልብ አላልንም።

«ሠላሳ አንድ» አለ ጋሼ፣ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ። «በሠላሳ ሳንቲም በለጠ።»

ደሜ ፈላ። «ሠላሳ ሳንቲም? በእጅጌ ልክ እናትህን ከቤቷ ልታስወጣ ነው?»

«እኔ አይደለሁም የማስወጣት።»

«ቀንስ! ማን ወጥቶ ያየዋል? ሰው ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስም፤ አንተ የእናትህን ቆርሰህ ለሜዳ ትሰጣለህ?»

«አልቀንስም።»

«እንግዲያው ምን ትሠራልናለህ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!»

ጋሼ መሣሪያውን ፈታትቶ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ፣ በርጩማውን አጠፈ። ተናግሬ ስላልወጣልኝ ሌላም ብዙ ነገር ተናገርኩት። አይቆጨኝም፤ ዛሬም ያው ቢገጥመኝ ያንኑ እለዋለሁ። ቀና ስል እናቴ በሯ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አንተ ነህ የለካኸው?» አለችው።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አለች። ዞራ ገባች።

ዕቃ ስናወጣላት አላስቸገረችንም፤ ብታስቸግረን ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻ ቀን ሁላችንም ውጭ ሆነን ስንጠብቃት ቆየችብን። ብቅ ብዬ ሳይ ባዶው ቤት ውስጥ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፏ እየዳሰሰች ትዞራለች። ሲበቃት ወጣችና በሩን ራሷ ዘጋችው። ጋሼ ፊቱን አዙሮ ወደ መኪናው ሄደ።

እኔ የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደህና ቤት ነው፣ ሰፊ ክፍል ሰጠኋት፣ አልጋዋንም የራሷን አመጣሁላት። ከመጣች ቀን ጀምሮ ግን ያቺ ከበር ወደ ቧንቧ የምትሮጥ ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ስትነሳ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «ግድግዳው የት ነው?» ትለኛለች። ሽንት ቤት ሰው ካልወሰዳት አትሄድም። ደረጃውንማ ትፈራዋለች። አንድ ቀን ወንበር መታት፤ «ቤትሽ ስተኛ ይንቀሳቀሳል መሰለኝ» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። ሳቅኩላት፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሥራ ስመለስ ጨለማ ውስጥ አገኛታለሁ፤ መብራት ሳበራ ግን «ለማን ብለሽ ነው?» ማለቷን ትታለች።

ጋሼ በየማታው ይመጣል። አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይይዛል። «ደከመህ?» ትለዋለች፤ «አዎ» ይላታል። ወሬያቸው ይኸው ነው። ከኔ ጋር ያን ያህል አንነጋገርም ነበር፤ እኔ ነኝ ያኮረፍኩት።

ከዚያ በርጩማው ተሰበረ።

ሌላ ሰፈር የድንበር ልኬት ላይ ነበሩ። ጋሼ እንደለመደው ቁጭ ሲል የበርጩማው እግር ቀጭ ብሎ መሬት ላይ ዘረጋው። ጭምቱ ደግፎ አነሳው። በርጩማ ከሌለ ቆሞ መሥራት ነው ብሎ የመሣሪያውን እግሮች ሊያስረዝም ብሎኑን ሲፈታ እጁ ቀጥ አለ። የሦስቱ እግሮች ብረት ከሰገባቸው ብዙ ወጥቶ ነው ድሮ ቁመቱ ላይ የሚደርሰው። አሁን ግን ሁሉም ገብተው ተኝተዋል። እንደዚያ ተኝተው ነው ጭስ ማውጫውን የለካው።

በኋላ ሲነግረኝ «የጨመርኩት ቆሜ የነበርኩትን እኔን ነው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሠራው የድንበር ልኬት ብቻ ስለነበር ሌላ የተበላሸ ቁጥር የለም። አንዱ የእናታችን ብቻ ነው።

ጭምቱን ይዞ በቀጥታ ሜዳው ሄደ። ያን ቀን መሣሪያው የቆመበትን ቦታ ለምልክት የተከለው ችካል እንዳለ ነበር። መሣሪያውን በዚያው አጭር እግሩ አቁሞ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጫፉን አየ፤ አርባ አምስት ዲግሪ። ርቀቱ ያው ነው። ከዚያ ያን ቀን ያልለካውን ለካ። ከመሬት እስከ መነጽሩ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም። ጭስ ማውጫው ሠላሳ አንድ ሜትር ሳይሆን ሠላሳ ከአርባ አምስት ነው። የእናታችን ቤት በሃያ አምስት ሳንቲም ከደንቡ ውጭ ነው። አይነካም።

መሣሪያውን እንደቆመ ለጭምቱ ትቶ ሱቄ ድረስ አቧራውን እንደለበሰ መጣ። ስፌት ላይ ነበርኩ። «እማዬ ትመለሳለች» አለኝና ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ነገሩ እስኪገባኝ አንድ የሸሚዝ ክንድ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። ሲገባኝ ተነስቼ አቀፍኩት፤ ኩርፊያውም ስድቡም እዚያው አለቀ። ቤቱ የሚፈርሰው በማግስቱ ጠዋት ስለነበር ሱቁን ዘግቼ አብሬው ወደ አለቃው ሄድኩ።

አለቃው በትዕግሥት ሰማው። ጋሼም አንድም ነገር ሳይደብቅ፣ ወገቡን፣ በርጩማውን፣ የእጁን ልማድ፣ ሁሉንም ነገረው።

«ታንጀንት» አለው አለቃው፣ «እስቲ አንተ እኔን ሁን። ሠላሳ አንድ ነው ስትል ሁላችንም አመንንህ። ለምን መሰለህ? ጎድቶሃላ። አሁን ቤቱ ሊፈርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው መጥተህ ቀንሷል ትለኛለህ። በስንት ቀነሰ? እናትህን ለማትረፍ በሚበቃው ልክ።»

«ሄደህ ለካው! መሣሪያው እንደቆመ ነው!» አልኩ እኔ።

«እኔ መለካት ከተውኩ ስንት ዘመኔ፣ እህቴ። የኔ ልኬት ደግሞ የጓደኛ ልኬት ነው።»

«ሌላ ሰው ይለካው» አለ ጋሼ።

«ሌላዋ ወልዳ ተኝታለች። ከላይ ሌላ ሰው እስኪላክ ዝናቡ ይገባል። ስንጥቁ ደግሞ በትምህርት ቤቱ በኩል እየሰፋ ነው፤ ትናንት ጡብ ጥሏል። ለሃያ አምስት ሳንቲም ብዬ ልጆቹ ላይ ቢወድቅ የት እገባለሁ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አምንሃለሁ። እውነቴን ነው፣ አምንሃለሁ። ግን ለሌላ ሰው ምን ብዬ አስረዳለሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉኝ።»

እኔ ጠረጴዛውን ደበደብኩ፣ ጮህኩ፣ ከየክፍሉ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ሃያ ዓመት አይደለም ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም ያልሰረቀ ሰው እንዴት አይታመንም? ጋሼ ክንዴን ያዘኝ።

«እውነቱን ነው» አለኝ። «እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም።»

ጎትቶ አወጣኝ። መንገድ ላይ እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ክንዴን እንደያዘ ሄድን። አይቼው የማላውቀው ድካም ነበር። ሌላ ጊዜ ሲደክመው ትከሻው ይወርዳል፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ራሱ የሰው አልመስል አለኝ። ውሸት ቢናገር ኖሮ እናቱ ቤቷ ናት። ተሳስቶ የተናገረው ቁጥር ታመነ፣ አስተካክሎ የተናገረው እውነት እንደ ውሸት ተቆጠረ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማን አቤት ይሏል?

ቤቱ በማግስቱ ፈረሰ። ሁለት ክፍል ምን አላት፣ ለአፍራሹ ማሽን የቁርስ ሰዓት ያህል እንኳ አልፈጀበትም። ለእናታችን ስለ ስህተቱ አልነገርናትም። ጋሼ «እነግራታለሁ» እያለ በየማታው ይመጣል፤ እጇን ይይዛል፤ ሳይነግራት ይሄዳል። እኔም «ንገራት» አላልኩትም፣ «አትንገራት»ም አላልኩትም። የሱ ነገር ነው፤ ሲሆንለት ይነግራታል አልኩ።

ጭስ ማውጫው የወደቀው ሰማዩ ሲዳምን በዋለ ቀን ነው። ከሰው ጋር ራቅ ብለን ቆመን አየነው። መጀመሪያ ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፤ ከዚያ ወገቡ ላይ ታጥፎ ሜዳው ላይ ተዘረጋ። መሬቱ እግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። አቧራው ሲገፈፍ ጋሼ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሜዳው ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። ጡቦቹ ተበታትነዋል። ከሁሉም አልፎ ሄዶ የቆመውን ጡብ ፈልጎ አገኘው። ከዚያ ከጡቡ ተነስቶ የእናታችን ግድግዳ ወደ ነበረበት በእርምጃ ሄደ። ሣር ብቻ ነው ያለው። ባዶ፣ ንጹሕ ሣር፤ አንዲት ስባሪ እንኳ አልደረሰችም። የፈረሰው መሠረት ላይ ተቀመጠና ጫማውን እያየ ቆየ። እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቤት ስንደርስ እናታችን እንደተለመደው አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበረች። ድምፁን ሰምታለች፤ መስኮቱ ሁሉ ተንቀጥቅጦ ነበር አለች።

«ወደቀ?»

«ወደቀ እማዬ» አላት ጋሼ። እንደልማዱ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ቤቴ ጋ ደረሰ?»

እንግዲህ መጣ አልኩ በልቤ። ዕድሜ ልኩን ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ሴት ልጅን ለቁመቷ የማያባብል ሰው፣ አሁን ስለ ሣሩ ይነግራታል። ስለ በርጩማው ይነግራታል። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ደረሰ» አለ ጋሼ።

«እስከ የት?»

«አልጋሽ እስከነበረበት።»

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ጡቡ ነው የደረሰው?» አለችው።

«ራሱ ግንቡ ነው። ግድግዳውን ሁለት ሜትር ከሠላሳ አልፎ ነው የቆመው።»

እንደ ማንኛውም ልኬት፣ እስከ ሳንቲሙ ነው የነገራት። እናቴ በሁለት እጇ ፊቱን ፈልጋ ያዘችው፤ ግንባሩን ሳመችው፣ ዓይኖቹን ሳመችው። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትፈካ አይቻት አላውቅም።

«ተመስገን፣ እንኳን ሰማሁህ ልጄ» አለችው። ከዚያ ፊቷን እኔ ወዳለሁበት አዞረች። «አየሽ አይደል? አንቺ ቀንስ እያልሽ ስትሰድቢው ነበር። ሰምቶሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚያው ተኝቼ ያልቅልኝ ነበር። ወንድምሽን ይቅርታ ጠይቂው።»

ጋሼ ቀና ብሎ አላየኝም። ፊቱ እንደተያዘ መሬት መሬት ያያል።

«እውነትሽን ነው እማዬ» አልኳት። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።»